ክፍል 41፦ የግራ አውራ ጣት

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ዶሮው ቢጮኽም ቀረጻውን አላቋርጥም። ባለፈው ክፍል ሦስት ጊዜ ካቋረጠኝ በኋላ ከደረሱኝ መልእክቶች የሚበዙት የእሱ ደጋፊዎች የጻፏቸው ስለነበሩ፣ ከእንግዲህ እንደ ተባባሪ አዘጋጅ ልቆጥረው ወስኛለሁ።

ስለ አጎቴ እጅ በዚህ መድረክ አልናገርም ብዬ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ቃሌን የማፈርሰው ባለፈው እሑድ ኮምቦልቻ ወርጄ ፈቃዳቸውን ከጠየቅሁ በኋላ ነው። ሲኒያቸውን በግራ እጃቸው እንደያዙ «እጁ የእኔ፣ አፉ ያንቺ» አሉኝ። ይህ ፈቃድ ይሁን ወቀሳ እስካሁን አልለየሁትም፤ እናቴ ፈቃድ ነው ትላለች፣ አክስቴ ግን ምንም ሳትል ቡናውን ቀዳች። የዛሬው ጉዳዬም ከዚሁ የራቀ አይደለም፤ በፋብሪካ ማሽን እጁን የተጎዳ ሠራተኛ ቀዶ ሕክምና እምቢ በማለቱ ክፍያው ታግዶበት በኋላ እሺ ቢል፣ ያ እሺታ ፈቃድ ነው ወይ?

ያችን ረቡዕ ደጋግሜ ስለማስባት እንዳለች ላስቀምጣት። ደሴ ነን፤ የሆስፒታሉን ስም ተዉት። አጎቴ ቀኝ እጃቸውን በአክስቴ ነጠላ ከአንገታቸው አንጠልጥለው ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጠዋል፣ እኔ ከፊታቸው ቆሜያለሁ። ነርሷ ቀዶ ሕክምናው ምን እንደሆነ፣ አጥንቱን የሚይዘው ብረት የሚገባው ለምን እንደሆነና ማደንዘዣው ምን ሊያስከትል እንደሚችል በትዕግሥት ካስረዳቻቸው በኋላ፣ የስምምነት ቅጹን ጉልበታቸው ላይ አድርጋ «አባባ፣ በፈቃድዎ ነው አይደል?» ስትል ጠየቀቻቸው። አጎቴ ቀና ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ። ከአንድ እስከ አምስት ለመቁጠር የሚበቃ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «አዎ፣ በፈቃዴ ነው» አሉ። የተጎዳው መፈረሚያ እጃቸው ስለነበር ነርሷ የማኅተሙን ቀለም ከፍታ የግራ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ፣ ከዚያም ወረቀቱ ላይ ተጫነችው። ቀለሙ ለቀናት ከጥፍራቸው ሥር አልለቀቀም፤ አክስቴ እንደነገረችኝ ውዱእ ባደረጉ ቁጥር በሌላው እጃቸው መፈተግ ስለማይችሉ ጣታቸውን ከገንዳው ጠርዝ ጋር ያሹት ነበር።

ያ «አዎ» ከየት እንደመጣ የማውቀው እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት ጧት በሚኒባስ ሐረጎን እየወጣን ሳለ፣ ጣቶቼን እያጠፍሁ የሁለት ወር ክፍያ መቅረቱን፣ ካልፈረሙ ሦስተኛውም እንደሚቀር፣ የልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ መድረሱን አንድ በአንድ ቆጥሬላቸዋለሁ። የፋብሪካው የሰው ኃይል ክፍል በደብዳቤ የጻፈላቸውን እኔ በቃል ደገምሁት፤ የእኔው የከፋ ሳይሆን አይቀርም፣ ደብዳቤ ዓይን የለውምና። እሳቸው በመስኮቱ ገደሉን እያዩ ቆይተው «አብሽሪ፣ እንፈርማለን» አሉኝ። እኔን ነበር የሚያጽናኑት።

ደብዳቤው ክፍያው የታገደው የታዘዘላቸውን ቀዶ ሕክምና ባለመቀበል መዳናቸውን ስላዘገዩ ነው የሚል ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ቁጭ ብዬ ያነበብሁት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ መሆኑን ስናገር አፍራለሁ። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው፤ ሠራተኛው ደግሞ እስከ አንድ ዓመት ድረስ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ክፍያ ያገኛል። ተራ ሕመም ቢሆን ኖሮ አንድ ወር ሙሉ፣ ሁለት ወር ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነበር፤ ስለዚህ በማሽን መጎዳት በወባ ከመተኛት ይሻላል ብለው አጎቴ ቀልደዋል። ክፍያው የሚታገድባቸውን ምክንያቶች ሳነብ ግን እጄ ቆመ። ሠራተኛው ለሕክምና ምርመራ ራሱን ካላቀረበ ወይም ምርመራውን ሆን ብሎ ካሰናከለ ወይም ካጓተተ ይታገዳል። እዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ገንዘብ የሚከፍል ሰው የሚከፍልበትን ጉዳት ልይ ቢል አይፈረድበትም፣ አጎቴም ራጅ ተነሡ ሲባሉ አንድም ቀን አልቀሩም። ቀጥሎ ያለው ነው የከነከነኝ፤ መዳኑን ለማዘግየት የታሰበ ጠባይ ማሳየትም ያሳግዳል ይላል። ምክንያቱ ሲወገድ ክፍያው ይቀጥላል፣ የታገደበት ጊዜ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አይከፈልም።

ጥያቄዬ ይኸው ነው፤ ብረት መፍራት መዳንን ለማዘግየት የታሰበ ጠባይ ነው? ሕጉ ምርመራን በስሙ ጠርቶ ቀዶ ሕክምናን በስሙ አለመጥራቱ ዝም ብሎ የተደረገ አይመስለኝም። ነገር ግን እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ደብዳቤውን የጻፉት ሰውም ክፉ አልነበሩም፣ ወንበር ስበው አስቀምጠውናል።

የአጎቴ ፍርሃት ከምን እንደመጣ ልናገር። ወጌሻ ዘንድ ሄደው ነበር፤ ይህን ስትሰሙ ግማሾቻችሁ ራሳችሁን እንደምትነቀንቁ አውቃለሁ፣ እኔም ነቅንቄያለሁ። በቀርከሃ አጥብቆ የታሰረ እጅ ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ እንደሚደርስ የአጥንት ሐኪሞቻችን ሳይታክቱ ይናገራሉ፣ እውነታቸውንም ነው። ቢሆንም የእኛ ቤት ወጌሻ ሽማግሌ አያቴን ከበቅሎ ወድቃ (የበቅሎዋን ታሪክ ዛሬ አልደግመውም) ቅቤ እያሹ አስነስተዋታል፤ በሰፈሩ ደግሞ ብረት ገብቶለት እጁ አልታጠፍ ያለውና በኋላ ቦርድ የወጣ ጎረቤት አለ። አጎቴ ያመዛዘኑት ያዩትን ከሰሙት ጋር ነው። ሐኪሙ የሚያውቀው ብዙ እጅ ነው፣ እሳቸው የሚያውቁት ሁለት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ የጎረቤታቸው በመሆኑ ደግሞ በየቀኑ ያዩታል። ደግሞም የወጌሻውን ማሰሪያ በሳምንቱ ፈትተው ጥለውታል፤ ደብዳቤው ይህን አልጻፈም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 20 ማንም ሰው የሕክምና ምርመራንም ሆነ ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይናገራል። ይህን ሳገኝ ከወንበሬ ተነሥቼ በክፍሉ ውስጥ ሁለት ጊዜ ዞርሁ። ከዚያ ተቀምጬ አንቀጽ 21ን አነበብሁ። ለሰውነት ከባድ አደጋ የሌለበትን የተለመደ ሕክምና እምቢ ያለ ሰው፣ ሕክምናው ሊያስቀርለት ይችል የነበረውን ሕመም መከራከሪያ ሊያደርገው አይችልም ይላል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ በአንዱ አንቀጽ የሰጡኝን በሚቀጥለው ዋጋ ተመኑበት። እምቢ ማለት ትችላለህ፣ ሂሳቡን ግን አንተ ትከፍላለህ ማለት ነው። ይህን ሳስበው ደግሞ ያን ያህል ክፉ ፍርድ አይመስለኝም፤ ሠራተኛ እጁን እያሳየ ሊድን የሚችለውን ዓመት ሙሉ ቢያቆየው ሌላው ላይ ጫና ነው። ከዚያ የአጎቴ ዝምታ ይመጣብኝና ሐሳቤን እለውጣለሁ።

የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 102ም የ1952 ነው፣ ያኛው በእነሱ አቆጣጠር ነው እንጂ። እሱም የተሰጠውን የሕክምና አገልግሎት ሳይጠቀም የቀረ ሰው ክፍያው ሊታገድ እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ተገቢ በሆነ ሁኔታ ሲሆን የሚል ማለዘቢያ አለው። ጀርመኖች በማኅበራዊ ሕጋቸው ግዴታውን ደንግገው ወሰኑንም ዘርዝረውታል፤ ሕክምናው በሕይወት ወይም በጤና ላይ ጉዳት እንደማያደርስ በከፍተኛ ደረጃ እርግጠኛ መሆን ካልተቻለ፣ ከባድ ሥቃይ ካለው ወይም የሰውነትን ምሉዕነት በእጅጉ የሚነካ ከሆነ ታካሚው እምቢ ማለት ይችላል። ሥቃይ በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ቦታ ሲያገኝ ሳይ ቀናሁ። እንግሊዞችም በ2015 እ.ኤ.አ. በጠቅላይ ሚኒስትራቸው በዴቪድ ካሜሮን ጊዜ፣ በሱስ ወይም ከመጠን ባለፈ ውፍረት ምክንያት ድጎማ እየተቀበሉ ሕክምና እምቢ የሚሉ ሰዎች ድጎማቸው ይቀነስ እንደሆነ ካሮል ብላክ የተባሉ ሐኪም እንዲያጠኑት አድርገው ነበር። ጥናቱ በ2016 መጨረሻ ሲወጣ ማስገደዱን አልደገፈም። ሐኪሞች ካነሡት አንዱ የፈቃድ ነገር ነው፤ በሽተኛው እሺ ያለው የዳቦ ገንዘቡን ፈርቶ ከሆነ፣ ቢላዋ የያዘው ሰው ፈቃድ አግኝቻለሁ ሊል ይችላልን?

እኛ ዘንድ ግን በነርሷ እጅ ያለው ወረቀት ስለ ፋብሪካው ደብዳቤ አንድም ቃል የለውም። በፈቃድዎ ነው ወይ ይላል፣ ጣት ያርፋል፣ ይታጠፋል። እሷ ደብዳቤውን አላየችውም። ያየሁት እኔ ነኝ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። «አንድ ጊዜ ይቆዩ፣ ክፍያቸውን አግደውባቸው ነው የመጡት» ለማለት አፌ ተከፍቶ ነበር። አልተናገርሁም፤ ወረፋው ረጅም ነበር፣ ደግሞም እንዲፈርሙ እፈልግ ነበር።

ነገሩን የሚያከብደው እጁ መዳኑ ነው። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ትንሿ ጣት አትታጠፍም፣ ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዛቸዋል። ነገር ግን ማረሻ ይይዛሉ፣ ወደ ሥራም ተመልሰዋል፣ ሦስተኛው ወርም ተከፍሏል። የሰው ኃይሉ ሰው አግኝተውኝ «አየሽ አይደል?» ብለውኛል። አይቻለሁ። ባይድን ኖሮ ዛሬ በልበ ሙሉነት እቆጣ ነበር፤ ስለዳነ የምቆጣበትን አጣሁ፣ ሆኖም ቁጣው አልሄደም። ሲኒውን ግን አሁንም በግራ እጃቸው ነው የሚይዙት። በቀኙ መያዝ ይችላሉ፣ ሲይዙ አይቻለሁ፣ እኔ ስኖር ግን…

ይኸው ጮኸ። እሺ፣ ሰምተንሃል።

እሑድ ዕለት ልሰናበት ስነሳ ደፍሬ ጠየቅኋቸው። «አብዬ፣ ያን ጊዜ፣ ነርሷ ስትጠይቅዎት፣ ለምን ወደ እኔ አዩ?» አልኋቸው። ብዙ ቆዩ። «ወዳንቺ ነበር እንዴ ያየሁት?» አሉ። «ከኋላሽ ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበር። የአዙሁር ሰላት እንዳያልፈኝ ብዬ ይሆናል።» ከዚያ በሩን ከፈቱልኝ።

ትናንት ለቁጥጥር ቀጠሮ ወረቀታቸውን ላወጣ እዚያው ኮሪደር ደርሼ ነበር። ከአግዳሚው ፊት፣ የቆምሁበት ቦታ ላይ ቆምሁና ዘወር አልሁ። ሰዓት አለ። ግን ከእኔ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብሎ፣ በሩ አናት ላይ ነው፤ እሳቸው ከተቀመጡበት ጫፍ ሲታይ ከእኔ ትከሻ በላይ ይሁን ወይስ… አግዳሚው ላይ አንዲት እናት ልጅ ታቅፋ ስለተቀመጠች ተነሺልኝ ልላት አልቻልሁም።