ደብዳቤው በታንኳ፦ ክትባት ሴል ውስጥ እንዴት ይገባል?

እንደምን ናችሁ የቻናላችን ቤተሰቦች! ዛሬ ያለሁት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነው። ከኋላዬ ያለችውን ታንኳ አያችኋት? የደንገል ታንኳ ናት። የዛሬው ርዕስ ክትባት ነው፣ ግን ከእሷ ልጀምር።

ደንገል ብቻውን ሣር ነው። ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ታስሮ ታንኳ ሲሆን ግን ከዘጌ እንጨት ተሸክሞ ከተማ ይገባል። ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ባለታንኳው ዳር አውጥቶ ፀሐይ ያስመታዋል። ዕድሜው አጭር ነው። ሲያረጅ በስብሶ ያልቃል፣ ሐይቁም ላይ ቆሻሻ ሆኖ አይቀርም። ይሄን ነገር በጣም እወደዋለሁ፦ ያደርሳል፣ ከዚያ ይፈርሳል።

አሁን ታንኳዋ ላይ ደብዳቤ ጫኑ። ደብዳቤው ኤምአርኤንኤ ነው፣ አንዳንድ የኮቪድ ክትባቶች ወደ ሴል የሚልኩት መልእክት፤ «ይህን ፕሮቲን ሥሩ» ይላል። ብቻውን ቢላክ ሰውነት ወዲያው ይቆራርጠዋል። ስለዚህ ከአራት ዓይነት ቅባት ኢምንት ታንኳ ተሠራለት፣ አንዱ ያው የምታውቁት ኮሌስትሮል ነው። ሌላው ውጭ ሳለ ጭምት ነው፣ ሴሉ ውጦት አሲዳማ ከረጢት ውስጥ ሲገባ ግን ቻርጅ ይይዝና ከረጢቱን ሰብሮ ደብዳቤውን ያራግፋል። ተመራማሪዎቹ ካታሊን ካሪኮ እና ድሩ ዋይስማን ደግሞ የደብዳቤውን ፊደል በትንሹ ቢለውጡት ሰውነት እንደማይቆጣበት በፈረንጆቹ 2005 አሳዩ፤ በ2023 ኖቤል ተሸለሙ። በቃ፣ ዋናው ይሄ ነው።

ኮሜንት ላይ ግን አንድ ነገር ደጋግማችሁ ጻፋችሁ፦ «ዘረመላችንን አይቀይርም ወይ?» ልጇን የምታስከትብ እናት ይህን ብትጠይቅ ተገቢ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሄደ ያውቃል፦ ቅኔ ማኅሌት አለ፣ ቅድስት አለ፣ መቅደስ አለ። ደብዳቤ ያመጣ ሰው ዝም ብሎ መቅደስ ይገባል? አይገባም። የሴሉ መቅደስ ኒውክለስ ነው፣ ዘረመላችን የተጻፈበት ዲኤንኤ ያለው እዚያ ነው። ደብዳቤው የሚነበበው ከመቅደሱ ውጭ ነው። በቀናት ውስጥም ይፈርሳል። ወደ ዲኤንኤ ገልብጦ የሚያስገባው መሣሪያም ክትባቱ ውስጥ የለም። አይቀይርም!

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፣ ቅዝቃዜው። የፋይዘር የኮቪድ ክትባት መጀመሪያ ሲወጣ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ አካባቢ መቀመጥ ነበረበት። ጣና ውስጥ ያለችው ደቅ ደሴት ላይ ይህን ማን ያደርሳል? የተለመዱት የልጆች ክትባቶች እንኳ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋሉ፣ በረዶ ያለበት ሳጥን ይዞ ጀልባ መሳፈር ነው።

ለዚህ ነው ጋምቢያ ላይ የተሞከረው ፕላስተር ልቤን የገዛው። ኤምአርኤንኤ አይደለም፣ የኩፍኝና የሩቤላ (የጀርመን ኩፍኝ) ክትባት ነው። በዓይን በጭንቅ የሚታዩ ጥቃቅን መርፌዎች አሉት፣ ቆዳ ላይ ተለጥፎ ክትባቱ ቆዳው ውስጥ ይሟሟል። ውጤቱ በ2024 ወጣ፦ በአንድ ልጥፍ ብቻ ከ90 በመቶ በላይ ሕፃናት ኩፍኝን የሚከላከል አቅም አገኙ። ሲሪንጅ የለ፣ የሚበጠበጥ ዱቄት የለ፣ ሙቀትም በተሻለ እንዲችል ታስቦ ነው የሚሠራው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይህን ፕላስተር ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ደቅ ስትወርድ መቅረጽ እፈልጋለሁ። ያን ቀን እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏንም ተጫኑ።