ሞመንትን በምን እንተካው? ኮከብ ሳንቆጥር ላይብረሪ እንምረጥ

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ የምናወራው ስለ ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ ምርጫ ነው፤ ሌሎች ጽፈው ለሁሉም ክፍት ያደረጉትን፣ በራሳችን ፕሮግራም ውስጥ የምንጠቀምበትን ዝግጁ ኮድ ማለቴ ነው። በደፈናው እንዳይሆን አንድ ሥራ እንያዝ። ሱሉልታ ላይ ወተት ለሚሰበስብ ማኅበር በብራውዘር የሚከፈት የመመዝገቢያ አፕ እየሠራን ነው እንበል። ገበሬው ጠዋትና ማታ ወተት ያመጣል። መዝጋቢዋ ስም፣ ሊትርና ቀን ታስገባለች። ስልኳ የቆየ አንድሮይድ ነው፤ ዳታ የምትገዛው በፓኬጅ ነው።

[ስክሪኑ ላይ፦ የወተት መዝገብ፣ ቀኑ «ጳጉሜ 6» የሚል]

ቀኑ የግድ በእኛ አቆጣጠር መሆን አለበት። ሒሳብ የሚዘጋው በእኛ ወር ነዋ! ጾም ሲገባ ወተት ፈላጊ ስለሚቀንስም ማኅበሩ ቀኖቹን ማነጻጸር ይፈልጋል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ሞመንት ጄኤስን ነው፤ በድረ ገጽ ቋንቋው በጃቫስክሪፕት ቀንና ሰዓት የምናሰላበት ላይብረሪ ነው። ኮድ በሚጋራበት ጊትሃብ ላይ ሰዎች ወደውት የሰጡት ኮከብ ለጉድ ነው፤ ዛሬም በየሳምንቱ በሚሊዮኖች ጊዜ ይወርዳል። የሚገርመው ግን አዘጋጆቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ለአዲስ ፕሮጀክት እንዳንጠቀምበት መክረዋል። ኮከቡ የተጠራቀመው ባለፉት ዓመታት ነው፤ ዛሬ ማን እየተንከባከበው እንደሆነ ከኮከብ አይታወቅም።

ታዲያ አማራጭ የት ይገኛል? እኔ መጀመሪያ የማየው የላይብረሪውን የራሱን ሰነድ ነው። ሞመንት ተተኪዎቹን በስም ዘርዝሯል፦ ሉክሰን፣ ዴይ ጄኤስ፣ ዴት ኤፍኤንኤስ፣ ጄኤስ ጆዳ። ዴይ ጄኤስ ሲጨመቅ 2 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ ለመዝጋቢያችን ዳታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዴት ኤፍኤንኤስ ደግሞ የፈለጋችሁትን ፈንክሽን ብቻ ነጥላችሁ እንድትወስዱ ያስችላል።

ግን ቆይ! ከሁሉም በፊት ብራውዘሩ ራሱ ምን እንደሚችል እንይ።

[ስክሪኑ ላይ፦ ኮድ ሲጻፍ]

ጃቫስክሪፕት ውስጥ ኢንትል የሚባል ነገር አለ። ካላንደሩን «ኢትዮፒክ» በሉት፤ የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ ቀይሮ ያሳያችኋል። ምንም ማውረድ የለም። ሰዓቱን ግን አይቀይርላችሁም፤ 6 የምትቀንሱት ራሳችሁ ናችሁ። ጠዋት 6:30 ላይ 6 ሲቀነስ 0:30 ይወጣል፤ 0ን ወደ 12 ካልቀየራችሁት ገበሬው ወተቱን በ«ዜሮ ሰዓት ተኩል» አመጣ ሊባል ነው።

ኢንትል ማሳየት እንጂ መልሶ ማንበብ አይችልም። መዝጋቢዋ «መስከረም 3» ብላ ስታስገባ ወደ ፈረንጅ የሚመልስ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። የጃቫስክሪፕት ላይብረሪዎች በሚቀመጡበት ኤንፒኤም ላይ ለዚህ የተሠሩ ትንንሽ ላይብረሪዎች አሉ። እንዴት እናወዳድራቸው? ሴፕቴምበር 11፣ 2023ን ስጧቸው። ጳጉሜ 6፣ 2015 ካሉ ጥሩ ነው። መስከረም 1፣ 2016 ካሉ ዝጉትና ወደሚቀጥለው እለፉ፤ ጳጉሜ በየ4 ዓመቱ 6 እንደምትሆን አያውቁም ማለት ነው።

«ከተነካ ሦስት ዓመት ሆኖታል» ብላችሁ ወዲያው አትጣሉት። የቀን ስሌት አይለወጥም፤ አንዴ በትክክል ከተሠራ አለቀ። የይለፍ ቃል ወይም ኔትወርክ የሚነካ ላይብረሪ ሦስት ዓመት ሳይነካ ከቆየ ግን እኔ በበኩሌ አልጠጋውም።

ቀጥሎ በውስጡ ስንት ሌላ ላይብረሪ ጎትቶ እንደሚመጣ እዩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሌፍት ፓድ የተባለች 11 መስመር ኮድ ባለቤቷ ከኤንፒኤም ሲያነሳት፣ እሷን በተዘዋዋሪ የሚጠቀሙ ስንትና ስንት ፕሮጀክቶች አልገነባ ብለው ቆሙ። ብዙዎቹ እንደሚጠቀሙባት እንኳ አያውቁም ነበር።

ላይሰንሱንም፣ ማለትም የአጠቃቀም ፈቃዱን፣ እዩት። ኤምአይቲ የሚባለው ፈቃድ ከሆነ ብዙ አያስጨንቅም። ጂፒኤል የሚባለው ከሆነ አፑን ለሌላ ስታከፋፍሉ ኮዱንም የመስጠት ግዴታ ሊመጣ ስለሚችል አስቀድማችሁ አንብቡት።

[ስክሪኑ ላይ፦ «ቀን» የሚል አንድ ፋይል]

የመረጣችሁትን ላይብረሪ በየገጹ አትበትኑት። አንድ ፋይል ክፈቱና እዚያ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ሌላው ኮድ ያንን ፋይል ይጠይቅ። ቴምፖራል የሚባለው አዲሱ የጃቫስክሪፕት የቀን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2025 ፋየርፎክስ ውስጥ ገብቷል። የመዝጋቢዋ ስልክ ላይ ሲደርስ የምንቀይረው ያንኑ አንድ ፋይል ይሆናል።