ቁም ሳጥኑ ይከፈት

በሀዋሳ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት የምረቃ ቀን ለወላጆች የተደረገ ንግግር

ክቡራን ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከፊት ወንበር ላይ ጋዋን ለብሳችሁ እግራችሁን የምታወዛውዙ ልጆቼ፣ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሳችሁ።

የዝግጅቱ ኮሚቴ "በልጅነት የተገኘ የሞንተሶሪ ትምህርት ለኋላ ሕይወት ምን ይጠቅማል" በሚል ርዕስ አሥር ደቂቃ ሰጥቶኛል። እናገራለሁ። ግን በዚህ ከተማ 22 ዓመት ኬጂ አስተምሬያለሁ። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። እዚህ ከተቀመጡት ወላጆች መካከል የጫማ ክር ማሰር ከእኔ የተማሩ አሉ። ስለዚህ በሆዴ ይዤው የኖርኩትን አንድ ነገር ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

ሞንተሶሪ ልጅ ዕቃ በእጁ እየነካ በራሱ እየሠራ የሚማርበት መንገድ ነው። ስሙ የመጣው ከጀመረችው ሴት ነው። ማሪያ ሞንተሶሪ ሐኪም ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1896 ከሮም ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀች። በጥር 1907 ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሃ ሠፈር የመጀመሪያውን "የልጆች ቤት" ከፈተች። ለምን እዚያ? እናትና አባት በጠዋት ለሥራ ይወጣሉ። ትልልቆቹ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ትንንሾቹ ብቻቸውን ይቀሩና ደረጃውንና ግድግዳውን ያበላሻሉ። ሕንፃዎቹን የሚያስተዳድሩት ሰዎች "እነዚህን ልጆች የሚይዝልን ይፈለግ" አሉ። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ይሄ ታሪክ ለሀዋሳ ሰው እንግዳ ነው? ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ ገና ሳይነጋ መንገድ ዳር ቆመው ሰርቪስ የሚጠብቁ እናቶችን የማያውቅ ማን አለ? ልጃቸውን ለጎረቤት ሰጥተው ነው የሚወጡት። ሞንተሶሪ የተጀመረው ለእነሱ ዓይነት እናቶች ልጆች ነበር። ዛሬ እኛ ዘንድ ቃሉ የክፍያ ማስጨመሪያ ሆኗል።

አሁን ወደመጣሁበት ልግባ።

ከዓመታት በፊት አንድ ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ። ስሙን አልጠራም። በሩ ላይ "ሞንተሶሪ" የሚለው ቃል ከትምህርት ቤቱ ስም በልጦ ተጽፏል። በመጀመሪያው ቀን ቢሮ ስገባ ባለመስታወት ቁም ሳጥን አየሁ። ውስጡ አሥሩ ሮዝ ኩቦች ተደራርበው ቆመዋል። ትንሹ 1 ሳንቲ ሜትር፣ ትልቁ 10። ልጅ በእጁ ጨብጦ፣ በክንዱ አቅፎ፣ ትልቅና ትንሽን በገዛ ጡንቻው የሚያውቅበት ዕቃ ነው። ከሥሩ ቁጥር የሚማሩባቸው ወርቃማ ቀለም ያላቸው ዶቃዎች አሉ። ከመጡበት ፕላስቲክ አልወጡም ነበር። በጣም ደስ አለኝና ቁልፉን ጠየቅኩ።

"እሱ እንግዳ ሲመጣ ነው የሚወጣው። ልጆቹ ይሰብሩታል" ተባልኩ።

ክፍል ስገባ 42 ልጆች በረድፍ ተቀምጠው ከሰሌዳ ይገለብጣሉ። የአራት ዓመት ልጆች ናቸው! እርሳስ መጨበጥ ያልጠና ጣት አንድ ገጽ ሙሉ "ሀ" እንዲጽፍ ታዝዟል። ግማሾቹ እርሳሱን በቡጢ ነው የያዙት።

አንድ አናጢ ዘመድ ነበረኝ። ለምኜው ከተራረፈ እንጨት አሥር ቀዳዳ ያለው መክተቻና አሥር ሲሊንደር ሠራልኝ። እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚገባው በራሱ ቀዳዳ ብቻ ነው። የተሳሳተ ልጅ "ተሳስተሃል" የሚለው ሰው አያስፈልገውም፤ ዕቃው ራሱ ይነግረዋል። ክፍል ውስጥ በጣም ዝምተኛ የሆነች ልጅ ነበረች። ለእሷ ሰጠኋት። አወጣቻቸው፣ መለሰቻቸው። እንደገና አወጣቻቸው። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ ዓይኗን ከእንጨቱ ሳትነቅል። ግማሽ ሰዓት አለፈ። የእረፍት ደወል ተደወለ፤ አልሰማችም። ያኔ ኃላፊው ገብቶ "ደብተሯ የት አለ?" አለ። እኔም ደንግጬ እንጨቱን ከእጇ ወሰድኩና ደብተሯን ዘረጋሁላት። አላለቀሰችም። ሁለት እጇን ከዴስኩ ሥር ከታ አንገቷን ደፋች። ዓመቱ እስኪያልቅ ምንም ነገር በራሷ አንስታ አታውቅም።

ማሪያ ሞንተሶሪም ሳን ሎሬንዞ ውስጥ ልክ እንዲህ ያለች የሦስት ዓመት ልጅ ገጥማት ነበር። ትኩረቷን ለመፈተን ሌሎቹ ልጆች በዙሪያዋ እንዲዘፍኑ አደረገች። ልጅቷን ከነወንበሯ አንስታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቷ መክተቻውን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጠለች። ከ40 ጊዜ በላይ ደጋግማ ስትጨርስ፣ ከጥሩ እንቅልፍ እንደነቃ ሰው ፈገግ አለች። ሐኪሟ ያንን አይታ ሙሉ ሕይወቷን በእሱ ላይ ሠራች። እኔ ደግሞ ያንኑ አይቼ በደብተር ቀየርኩት። እስከ ዛሬ ያቺ ልጅ እጆቿን ስትደብቅ ይታየኛል።

ለኋላ ሕይወት ምን ይጠቅማል ላላችሁኝ፣ አንድ ሰው ላሳያችሁ። ባለፈው ዓመት የስልኬ ስክሪን ተሰበረ። ፒያሳ አንዲት ጠባብ ሱቅ ገባሁ። ጠጋኙ ቀና ብሎ አየኝና "ሚስ!" አለ። ሌላ ትምህርት ቤት፣ መደርደሪያው ክፍት በነበረበት ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። መሳቢያውን ከፍቶ የተጠቀለለች አረንጓዴ ጨርቅ አወጣ። ዘረጋት። ስልኬን መሃል ላይ አስቀመጠ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈታ ከግራ ወደ ቀኝ ደረደራቸው። ሲመልስ አንዷ አልገባ አለች። አልተበሳጨም፣ አልጫናትም። አወጣት፣ አያት፣ ከጎኗ ያለችውን ሞከረ። ገባች። ሲጨርስ ጨርቁን ጠቅልሎ ወደ ቦታዋ መለሳት። ልጅ እያለ ትንሿን ምንጣፍ ዘርግቶ፣ ሥራውን ሠርቶ፣ ጠቅልሎ እንደሚመልሳት። "ይሄን ማን አስተማረህ?" አልኩት። "እንጃ ሚስ፣ እኔ ሁሌም እንዲህ ነው የምሠራው" አለኝ።

ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ግን ሁለት ወጣቶች ቀጥሮ ያሠራል። ትምህርት ቤቶች የጉግል መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ሞንተሶሪ ተምረዋል ብለው ማስታወቂያ ላይ መጻፍ ይወዳሉ። እውነት ነው፣ ተምረዋል። እኔ ግን የፒያሳውን ልጅ እመርጣለሁ።

ጥናትም አለ። ሞንተሶሪ የሚያስገቡ ወላጆች ቀድሞውኑ ሌላ ዓይነት ወላጆች ናቸው ሊባል ይችላል። ለዚህ ነው አሜሪካ ውስጥ አመልካች በዝቶ በዕጣ የተለዩ ልጆችን ያጠኑት። ዕጣው የወጣለትና ያልወጣለት ልጅ ይነጻጸራል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ጥናት በ24 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች 588 ልጆችን ተከታትሏል። ዕጣ የወጣላቸው በንባብ፣ በማስታወስና ራስን በመግዛት በልጠው ተገኝተዋል። ወጪውም ከሌላው አንሷል። በ2021 ደግሞ 1,905 አዋቂዎች ተጠይቀው፣ በልጅነታቸው ሞንተሶሪ የተማሩት በሕይወታቸው ይበልጥ ደስተኛ ሆነው ተገኝተዋል። ይሄኛው ዕጣ የለበትም፣ ስለዚህ ያን ያህል አልመካበትም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ነው። አንጀሊን ሊላርድ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሞንተሶሪን እንደተሠራ የሚያስተምሩ ክፍሎችን፣ ሞንተሶሪን ከወረቀት ሥራና ከሌላ መጫወቻ ጋር ከሚቀላቅሉ ጋር አነጻጸረች። የበለጠ ለውጥ ያሳዩት እንደተሠራ የተማሩት ናቸው። ተመልከቱ! መቀላቀል እንኳ ጥቅሙን ይቀንሰዋል። ታዲያ ቆልፎ ማስቀመጥ ምን ያደርገዋል? በመስታወት ውስጥ ያለ ዶቃ የማንን ልጅ ቁጥር አስተምሮ ያውቃል? "ሞንተሶሪ" የሚለው ስም የማንም ንብረት አይደለም፤ የፈለገ ሰው በሩ ላይ ይጽፈዋል። የበሩን ጽሑፍ ሳይሆን መደርደሪያውን እዩ!

እናንተ ወላጆችም ከወቀሳው አታመልጡም። ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ያዝ አድርጋችሁ "ሚስ፣ ልጄ ስንተኛ ወጣ?" ትሉኛላችሁ። የአራት ዓመት ልጅ ስንተኛ አይወጣም! የቤት ሥራ ካልተሰጠው "ዛሬ ምንም አልተማረም" ትላላችሁ። ለኬጂ ልጅ አስጠኚ የቀጠራችሁ አላችሁ። ትምህርት ቤቱ ቁም ሳጥኑን የቆለፈው እናንተ ደብተር ስለምትቆጥሩ ነው። በቀይ እስክሪብቶ የታረመ ደብተር ለወላጅ ይታያል። ልጅ ራሱ ያረመው ስሕተት ግን አይታይም።

ውድ ነው የሚለውንም አልቀበልም። ብርጭቆ ወረቀት ከየትኛውም የግንባታ ዕቃ መሸጫ ይገኛል። እኔ 231ዱንም ፊደል በእሱ ቆርጬ ካርቶን ላይ ለጥፌያለሁ። ልጅ በጣቱ እየዳሰሰ ፊደል ይቆጥራል። አያቶቻችን በስንደዶ ፊደል እየነኩ ሲማሩ፣ ታላቁ ታናሹን ሲያስቆጥር ማን ሞንተሶሪ አላቸው? ምስር መልቀም የጣት ሥራ ነው። ውሃ መቅዳት፣ ሰፌድ ላይ ባቄላና ሽምብራ መለየት የዓይንና የእጅ ሥራ ነው። እነዚህን ቤታችሁ ውስጥ "ተው፣ ታፈሳለህ!" እያላችሁ የምትከለክሏቸው እናንተ ናችሁ።

ስለ ቋንቋ ብናገር ደስ ይለኝ ነበር። ልጆቻችን ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ እያወሩ መጥተው በእንግሊዝኛ ዝም ይላሉ። ስለ ኬጂ መምህራን ደመወዝም እንዲሁ። ጊዜዬ አልቋል፣ ኮሚቴው እያየኝ ነው።

ይህን ግን ለምኜ ነው የመጣሁት። አሁን ከኬኩ በፊት ክፍል ሁለትና ክፍል ሦስት ክፍት ናቸው። ልጆቹ ጋዋናቸውን ያወልቁና ምንጣፋቸውን ይዘረጋሉ። አራት አራት ሆናችሁ ግቡ። ጫማችሁን በር ላይ አውልቁ፣ በትንንሾቹ ወንበሮች ተቀመጡ። አታግዟቸው። "ጎበዝ" እንኳ አትበሏቸው። ውሃ የሚቀዳላችሁ ልጅ ካፈሰሰ መጥረጊያው ጨርቅ የት እንዳለ እሱ ያውቃል።