ከቀዶ ጥገናው በፊት

ክቡራን እንግዶች፣ የማኅበራችን አባላት፣ በተለይም ሥራችሁን ትታችሁ ከመካከላችን የተገኛችሁ ወላጆች፤ እንኳን ወደ ዓመታዊ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ።

የልጆች የአንጎል ዕጢና ከውልደት የሚጀምር የራስ ቅል ወለል የአፈጣጠር ጉድለት ዘንድሮ በአንድ መድረክ መቅረባቸው አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አልቀረም። አንዱ እያደገ የሚሄድ፣ ሌላው በማሕፀን ሳይገጥም የቀረ ነገር ነው። ሁለቱም ግን እኛ ቀዶ ሐኪሞች ዘንድ የሚደርሱት በሌላ በሽታ ስም ሲታከሙ ከርመው ነው።

አፍንጫው የተደፈነ ሕፃን እናስብ። ውስጡ ሲታይ ለስላሳ እብጠት አለ። ፖሊፕ፣ ማለትም ከአፍንጫ ውስጠኛ ሽፋን የሚበቅል እብጠት ነው ይባልና ለምርመራ ናሙና ይቆረጣል። ጥርት ያለ ፈሳሽ መንጠብጠብ ሲጀምር፣ የተነካው በራስ ቅሉ ወለል ክፍተት ሾልኮ የወረደ የአንጎል ክፍል ከነሽፋኑ፣ ማለትም ኢንሴፋሎሲል መሆኑ ይታወቃል። በተከፈተው ቀዳዳ ደግሞ ማጅራት ገትር ይገባል። በትንንሽ ልጆች ላይ ፖሊፕ ብርቅ ነው፤ ጥርጣሬው መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። ሕፃኑ ሲያለቅስ እብጠቱ ከጨመረ፣ ዓይኖቹ ከተራራቁ ወይም ላንቃው ከተሰነጠቀ ጥርጣሬው ይበረታል። ምንም ምልክት ባይኖርም የጭንቅላቱ ውስጥ ምስል ሳይነሳ መቁረጥ አይገባም። በዚህ ነገር ላይ እኔ ድርድር አላውቅም። ማጅራት ገትር የሚደጋገምበት ልጅም የራስ ቅሉ ወለል ሳይመረመር በመድኃኒት ብቻ መሸኘት የለበትም።

ወደ ዕጢው ስንመጣ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያስመልሰው ልጅ ለወራት የሆድ መድኃኒት ሲወስድ ይቆያል። ሌሊት ተኝቶ ሲያድር በራስ ቅሉ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ካስመለሰ በኋላ ቀለል ስለሚለው ሁሉም ይረጋጋል። እርምጃው ሲንገዳገድ ወይም አንገቱን አዘንብሎ መያዝ ሲጀምር ዕጢው ሚዛን በሚጠብቀው የኋለኛው ክፍል፣ በትንሹ አንጎል አካባቢ ቦታውን ይዟል። በጨቅላዎች ደግሞ የራስ ቅል አጥንቶች ገና ስላልተጋጠሙ ጭንቅላቱ እየሰፋ ግፊቱን ያስታግሳል። ስለዚህ በየጊዜው በሜትር መለካትና ልኬቱን መመዝገብ ያስፈልጋል፤ አንድ ቀን ብቻ የተወሰደ ልኬት ብዙም አይናገርም።

ሳይንሱ ሩቅ ሄዷል። የአንጎል ቀዶ ሐኪሞቹ ኩሺንግና ቤይሊ በ1925 እ.ኤ.አ. ሜዱሎብላስቶማ ብለው የሰየሙት የትንሹ አንጎል ዕጢ ዛሬ በሞለኪውላዊ ባሕርዩ ተከፋፍሎ ይታያል፤ የአንዱ ቡድን ሕሙማን የመዳን ተስፋ ከሌላው እጅግ ይለያል። በአፍንጫ በኩል በኢንዶስኮፕ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ የሚሠራውም ቀዶ ጥገና በጠባቡ የልጅ አፍንጫ ሳይቀር እየተቻለ ነው። ስለነዚህ ከሰዓት በኋላ በሰፊው ትሰማላችሁ።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ለባልደረቦቼ። ከትንሹ አንጎል ዕጢ ከወጣላቸው ልጆች አንዳንዶቹ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ንግግራቸው ይጠፋል። ብዙውን ጊዜ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ እንደ ቀድሞው ላይሆን ግን ይችላል። ይህን እናት መስማት ያለባት የስምምነት ቅጹን ከመፈረሟ በፊት ነው። በተዘጋ አፍ ፊት ቆማ ልትሰማው አይገባም።

የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ የሚመሩት የሕፃናት ሐኪሞችና የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ባለሙያዎች ናቸው፤ ልጁን ከእኛ ቀድመው የሚያዩት እነርሱ ናቸውና። እኛ ቀዶ ሐኪሞች ማድመጥ ብዙም አይሆንልንም፤ እስከ ምሳ ድረስ እንሞክረው። ጉባኤው ተከፍቷል።