የዋሽንግተን ጎዳናዎችና ያልገጠመው ኮከብ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ የእረፍት ቀናችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አስተባባሪዎቹ ስለምንኖርባት ከተማ ታሪክ እንድናገር ሲጋብዙኝ ርእሱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። በዚህ አዳራሽ ያ ቪዲዮ በስልኩ ያልደረሰው ሰው አለ ብዬ አላምንም። ታውቁታላችሁ፤ ከሰማይ የተነሣ የዋሽንግተን ፎቶግራፍ ይታያል፣ የሚያስፈራ ሙዚቃ ይከፈታል፣ ከዚያም ቀይ መስመር ከአንዱ አደባባይ ወደ ሌላው እየተሳበ ከኋይት ሀውስ በላይ የተገለበጠ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ይሠራል። «ከተማዋን ፍሪሜሰኖች ለሰይጣን ነደፏት፤ ስምንተኛው ሺህ ደርሷል» ይላል ተራኪው። ፍሪሜሰኖች የራሳቸው ሥርዓትና ምልክት ያላቸው የወንድማማችነት ማኅበር አባላት ናቸው።

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። ፍሪሜሰኖች በዚህች ከተማ ላይ አሻራቸውን አኑረዋል፤ ያኖሩት ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በሰልፍና በሙዚቃ ነው። የተሰወረ ነገር መፈለግ የሚወድ ሰው ካርታውን ይተውና የደመወዝ መዝገቡን ይግለጥ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ኮከቡን እንፈትሽ። እዚህ ውስጥ ታክሲ የነዳችሁ እጃችሁን አውጡ ብል ግማሹ አዳራሽ እጁን ያወጣል፤ ስለዚህ ዳኞቹ እናንተው ናችሁ። ከኋይት ሀውስ ተነሥታችሁ በኮኔቲከት ወደ ዱፖንት ሰርክል ትወጣላችሁ። ከዱፖንት በማሳቹሴትስ ወደ ማውንት ቨርነን ስኩዌር ትወርዳላችሁ። ከዚያ በኬ ስትሪት ወደ ምዕራብ፣ እስከ ዋሽንግተን ሰርክል። በሌላ በኩል ቬርሞንት ከኋይት ሀውስ ወደ ሎጋን ሰርክል ያደርሳችኋል። እስካሁን አራት መስመር ሆነ። አምስተኛው ሮድ አይላንድ ነው፤ ሎጋንን ከዋሽንግተን ሰርክል ማገናኘት ነበረበት። አንድ ተሳፋሪ «በሮድ አይላንድ ብቻ ወደ ዋሽንግተን ሰርክል ውሰደኝ» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? መንገዱ እዚያ አይደርስም። ስኮት ሰርክልን አልፎ ኮኔቲከት ላይ ያበቃል። ቪዲዮው ውስጥ ያለውን የመጨረሻ መስመር የሳለው አቀናባሪው ነው፤ በሕንፃዎች ጣሪያ ላይ አሻግሮ።

መንገዱ የሚያበቃበትን ቦታ እኛ ኢትዮጵያውያን ልናውቀው ይገባል። እዚያው አጠገብ የቅዱስ ማቴዎስ ካቴድራል አለ። በኅዳር 1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጸሎተ ፍትሐት የተደረገው በዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ከጄኔራል ደ ጎል ጎን ሆነው፣ አስከሬኑን ተከትለው ከኋይት ሀውስ እስከዚያ በእግራቸው ሄደዋል። የሰይጣን ኮከብ ተሰበረ የሚባልበት ቦታ ይህ መሆኑን ቪዲዮ ሠሪው ቢያውቅ ኖሮ ሌላ ክፍል ይጨምርልን ነበር። (ስለ ኮከብ ከተነሣ፣ በእኛው ሰንደቅ ዓላማ ላይ ስላለው ኮከብ የሚባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ። እርሱን ዛሬ አልነካውም፤ ከዚህ አዳራሽ በሰላም መውጣት እፈልጋለሁ።)

ለመሆኑ እነዚህ ሰያፍ ጎዳናዎች ከየት መጡ? የከተማዋን ፕላን በ1791 የነደፈው ፒየር ሻርል ላንፋን የፓሪስ ልጅ ነበር። አባቱ ለፈረንሳይ ንጉሥ የሚሠራ ሠዓሊ ስለነበር፣ ቬርሳይ ላይ በቤተ መንግሥቱ ደጃፍ የሚገናኙትን ሦስት ታላላቅ ጎዳናዎች ያውቃቸዋል። በዚያው ዓመት በሚያዝያ የያኔው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቶማስ ጄፈርሰን የአውሮፓ ከተሞችን ካርታ ላከለት፤ ፓሪስ፣ አምስተርዳም፣ ካርልስሩኸ፣ ቶሪኖ፣ ሚላኖ ይገኙበታል። ጄፈርሰን ደግሞ ፍሪሜሰን አልነበረም። ላንፋን ከፍ ያሉትን ቦታዎች አስቀድሞ መረጠ፤ አንዱ ከሌላው እንዲታይ በሰያፍ ጎዳና አገናኛቸው፤ ከዚያም ሁሉንም በአራት ማዕዘን መንገዶች ሞላው። በአራት ማዕዘን መረብ ላይ ይህን ያህል ሰያፍ መስመር የጣለ ሰው ኮከብና ሦስት ማዕዘን ሳይፈልግም ያገኛል። ፈላጊ ከተገኘ ጉጉትም፣ የፍየል ራስም ይወጣዋል፤ ወጥቶለታልም።

ላንፋን ራሱ በ1789 ኒው ዮርክ ውስጥ ወደ አንድ የፍሪሜሰን ሎጅ፣ ማለትም የማኅበሩ ቅርንጫፍ፣ ገብቷል፤ ይህን አልደብቅም። የወሰደው ግን የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ ነው፤ ከዚያ አላለፈም። ከከተማው ሥራም ቢሆን በ1792 መጀመሪያ ተባረረ። በፕላኑ መንገድ ላይ የቆመ የአንድ ባለጠጋ ቤት አፍርሶ ነበር፤ ባለቤቱ የከተማው ኮሚሽነር ዘመድ ሆኖ ተገኘ። በ1825 ሜሪላንድ ውስጥ በድህነት ሞተ። ዓለምን በድብቅ ይገዛል የሚባል ማኅበር አባሉን እንዲህ ከጣለው፣ ከእኛ ዕድር ያነሰ ነው ማለት ነው።

ከኮከቡ ሌላ የፍሪሜሰኖች ምልክት የሆነው የክብ መሳያ ኮምፓስ ወሬ አለ። የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ የሆነው ካፒቶል ማጠፊያው፣ ፔንስልቬንያ ጎዳና አንዱ እግር፣ ሜሪላንድ ጎዳና ሌላው እግር፣ ጫፉም የጄፈርሰን መታሰቢያ ነው ይሉናል። የጄፈርሰን መታሰቢያ የተሠራው ከ1939 እስከ 1943 ነው፤ የቆመበትም መሬት በላንፋን ዘመን የፖቶማክ ወንዝ ውኃ ነበር። የሊንከን መታሰቢያም እንዲሁ ወንዙ ተደልድሎ በተገኘ መሬት ላይ ነው የቆመው።

የዋሽንግተን ሐውልትስ? «ቁመቱ 6,666 ኢንች ነው» ይባላል። በ1884 ሲጠናቀቅ 555 ጫማ ከ5 ኢንች ግድም ነበር፤ ይህም ወደ 6,665 ኢንች ይመጣል። በ2015 የወጣው አዲስ ልኬት ደግሞ ወደ 554 ጫማ ከ7 ኢንች ዝቅ አደረገው። ቁመቱን የወሰነው ሌላ ነገር ነው፤ የጥንቶቹ የግብፅ ሐውልቶች ቁመት የመሠረታቸው ስፋት አሥር እጥፍ ያህል መሆኑ ተመክሮበት፣ የዚህ መሠረት 55 ጫማ ስለነበር እዚያ ላይ ቆመ። ከአክሱም አገር ለመጣ ሰው ደግሞ የቆመ ድንጋይ እንዴት ያስደነግጣል? የእኛዎቹ ሐውልቶች የቆሙት የመጀመሪያው ታላቅ ሎጅ በ1717 ለንደን ላይ ከመመሥረቱ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድመው ነው።

የሐውልቱ ቦታ ከቁመቱ ይበልጥ ይገርማል። በፕላኑ መሠረት ከኋይት ሀውስ ወደ ደቡብ፣ ከካፒቶል ወደ ምዕራብ የሚሳቡት መስመሮች በሚገናኙበት ነጥብ ላይ መቆም ነበረበት። አፈሩ ረግረግ ሆኖ ክብደቱን የማይችል ሆነና ከ100 ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ተወሰደ። የምሥጢረኞች ጂኦሜትሪ ጭቃ ሲያገኘው ጎንበስ አለ።

እንግዲህ እውነተኛው የፍሪሜሰኖች ታሪክ የት ነው? ጆርጅ ዋሽንግተን አባል ነበር፤ የገባውም በ1752 ነው። በመስከረም 18 ቀን 1793 የማኅበሩን ሽርጥ ታጥቆ፣ ሰልፍ አስከትሎ የካፒቶልን የመሠረት ድንጋይ አኖረ፤ ጋዜጣም ዘገበው። የሚያስቀው ነገር፣ ያ ድንጋይ ዛሬ የት እንዳለ አይታወቅም፤ በተደጋጋሚ ተፈልጎ አልተገኘም። የሐውልቱ የመሠረት ድንጋይም በሐምሌ 4 ቀን 1848 በእነርሱ ሥርዓት ተቀምጧል። አሌክሳንድሪያ የምትኖሩ ደግሞ በየቀኑ ታዩታላችሁ፤ በኪንግ ስትሪት መጨረሻ ኮረብታው ላይ 333 ጫማ የሚረዝም መታሰቢያ ሠርተው፣ ከፊቱ ሣሩ ላይ ማዕዘንና ኮምፓሳቸውን አንጥፈዋል። በ1915 የተጠናቀቀው በ16ኛው ጎዳና ያለው ቤተ መቅደሳቸውም ለጎብኚ ክፍት ነው። በር ላይ ሁለት ስፊንክስ አስቀምጦ የሚደበቅ ሰው አላየሁም።

ፍሪሜሰኖች ሉሲፈርን ያመልካሉ የሚለው ወሬም ምንጩ የታወቀ ነው። ሊዮ ታክሲል በሚል የብዕር ስም የሚጠራ ፈረንሳዊ ወደ ካቶሊክ እምነት የተመለሰ መስሎ ለዓመታት ስለ ፍሪሜሰኖች የሰይጣን አምልኮ ጻፈ፤ ለአሜሪካዊው መሪያቸው ለአልበርት ፓይክም ያላለውን አስባለው። በሚያዝያ 19 ቀን 1897 ፓሪስ ላይ ሕዝብ ሰብስቦ ሁሉም ፈጠራ እንደነበር በገዛ አፉ ተናገረ። ፈጠራው ግን ዛሬም በየስልካችን ይዞራል።

አሁን ወደ መዝገቡ ልሂድ፤ የመጣሁትም ለዚህ ነው። ካፒቶልንና ኋይት ሀውስን ከገነቡት መካከል በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። ኮሚሽነሮቹ ከጌቶቻቸው ይከራዩአቸው ነበር፤ ገንዘቡን የሚቀበለው ጌታው ነው፤ ደረሰኙም ተቀምጧል። ምንም ምሥጢራዊ ፊደል የለውም፤ ስም፣ ወርና ዶላር ነው። ካፒቶል ውስጥ ለእነዚህ ሠራተኞች የመታሰቢያ ድንጋይ የተቀመጠው በ2012 ነው።

ከመካከላቸው አንዱን ልጥራላችሁ፤ ፊሊፕ ሪድ። በካፒቶል ጉልላት ጫፍ ላይ የነሐስ ሴት ቆማለች፤ «ነፃነት» ትባላለች። ለቅርጿ የተሠራው የጄሶ ምስል ተገጣጥሞ ሲቆም መጋጠሚያው እንዳይታይ ተለስኖ ነበር። ወደ ማቅለጫው ለመውሰድ መፍታት ሲያስፈልግ፣ የገጠመው ጣሊያናዊ ባለሙያ ክፍያው ካልተጨመረ መጋጠሚያውን አላሳይም አለ። ሪድ የምስሏን ራስ በገመድና በመዘውር ቀስ አድርጎ ወደ ላይ አስወጠረ፤ ስንጥቁ በራሱ ታየ። ከዚያም ከሌሎች ጋር ሆኖ ነሐሱን አቀለጠ። የአዘቦት ቀን ክፍያው የጌታው ነበር፤ ለእርሱ የተከፈለው የእሑዱ ብቻ ነው፤ በቀን 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም፣ ለ33 እሑዶች 41 ዶላር ከ25 ሳንቲም። በሚያዝያ 1862 በከተማዋ ባርነት ሲቀር ነፃ ወጣ፤ ምስሏ ጉልላቱ ላይ የወጣችው በታኅሣሥ 1863 ነው።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ካፒቶልን ስትጎበኙ የምስሏ የጄሶ ቅጂ ታች በጎብኚዎች ማዕከል ውስጥ ቆማ ታገኟታላችሁ፤ ስለ ሪድ አስጎብኚውን ጠይቁት። አሁን ደግሞ እኔን ጠይቁኝ፤ በሮድ አይላንድ ጉዳይ የማትስማሙ የታክሲ ሰዎች ካላችሁ ቅድሚያ አላችሁ።