በ13 ዓመቷ የተዘጋባት ሜዳ፦ ኤሪን ፊሊፕስ

(ምስል፦ ሞላላ ሜዳ ከላይ ሲታይ)

ሰላም ወዳጆች። ዛሬ አውስትራሊያ፣ አደላይድ ከተማ ነን። የምናወራው ስለ አውስትራሊያ እግር ኳስ ተጫዋቿ ኤሪን ፊሊፕስ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። አውስትራሊያውያን በፍቅር "ፉቲ" ይሉታል። ሜዳውም ኳሱም ሞላላ ነው። ኳሱን በእግር መምታት ይቻላል። ይዞ መሮጥም ይቻላል፣ ግን በየመሃሉ መሬት እያስነኩ ነው። በእጅ መወርወር ክልክል ነው፤ ለጓደኛ የሚቀበለው ሳይሆን የሚያቀብሉት በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ቡጢ በመምታት ነው። በሁለቱ ረጃጅም ቋሚዎች መካከል በእግር የገባ ጎል 6 ነጥብ ያስገኛል። በጎን ባሉት አጫጭር ቋሚዎች በኩል ካለፈ 1 ብቻ።

(ምስል፦ ኳስ የምታባርር ትንሽ ልጅ)

ኤሪን የተወለደችው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1985 ነው። አባቷ ግሬግ ፊሊፕስ በፖርት አደላይድ ክለብ 8 ጊዜ ዋንጫ ያነሳ ዝነኛ ተጫዋች ነበር። እሷም ከወንዶች ልጆች ጋር እየተጋፋች ተጫውታ አደገች። 13 ዓመት ሲሞላት ግን በቃሽ ተባለች። ያኔ ሴት ልጅ ከዚያ ዕድሜ በላይ ከወንዶች ጋር አትጫወትም ነበር። ሙያዬ ብላ የምትይዘው የሴቶች ሊግ ደግሞ በአገሩ አልነበረም።

ወደ ቅርጫት ኳስ ዞረች። በ2006 ከአውስትራሊያ ጋር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ2008 ቤጂንግ ላይ የኦሊምፒክ ብር አገኘች። አሜሪካ ሄዳ በ2012 ከኢንዲያና፣ በ2014 ከፊኒክስ ጋር የሊግ ዋንጫ በላች። ፉቲ በ13 ዓመቷ ያሰናበታት እንዲህ ያለችውን ስፖርተኛ ነው።

የሴቶቹ የፉቲ ሊግ የተጀመረው በ2017 ነው። ሜልቦርን ላይ በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ 24,568 ሰው ገብቶ በሩ ተዘጋ፤ ሌላው ሕዝብ ውጭ ቀረ። የተጫዋቾቹ ክፍያስ? ለአብዛኞቹ ለውድድር ዘመኑ በሙሉ 8,500 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር። ቀን ሌላ ሥራ ውለው ማታ ልምምድ ይገባሉ። ያን ያህል ሕዝብ ለሚጠራ ጨዋታ ይህ በጣም ትንሽ ነው፤ እኔን ያንገበግበኛል። በ2022 ዝቅተኛው ክፍያ ወደ 39,184 ዶላር ከፍ ብሏል።

ኤሪን በ31 ዓመቷ ለአደላይድ ክለብ ተሰለፈች። በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውንም የሊጉን ኮከብነትም ወሰደች። ከ18 ዓመት በኋላ ተመልሳ!

(ምስል፦ አደላይድ ኦቫል ስታዲየም፣ በሰው ተሞልቶ)

አሁን መጋቢት 2019 ላይ እንቁም። የፍጻሜ ጨዋታ ነው፤ አደላይድ ከካርልተን። 53,034 ተመልካች ገብቷል። በሦስተኛው ሩብ ኤሪን ወደቀች። የጉልበቷ ጅማት ተበጥሷል። እያለቀሰች በቃሬዛ ወጣች። ተጋጣሚዎቿ ሳይቀሩ ሄደው አጽናኗት፣ ስታዲየሙ ቆሞ አጨበጨበላት። አደላይድ በ45 ነጥብ አሸነፈ። የጨዋታው ኮከብ የተባለችውም ጨዋታውን ያልጨረሰችው ኤሪን ናት።

ይህ የጅማት ጉዳት በሴቶቹ ሊግ ከወንዶቹ ይልቅ ይደጋገማል። ምክንያቱ አንድ አይደለም። ግን ልጅ ሆነው ተከታታይ ሥልጠና አለማግኘታቸው ከሚነሱት አንዱ ነው። የ13 ዓመቷ ኤሪን እዚህ ላይ ትዝ ትለኛለች።

ዳነች፣ ተመለሰች፣ በ2022 ሦስተኛ ዋንጫዋን አነሳች። በዚያው ዓመት የአባቷ ክለብ ፖርት አደላይድ የሴቶች ቡድን አቋቋመ። የመጀመሪያዋ አምበል እሷ ሆነች፤ በ2023 ጫማዋን እስክትሰቅልም እዚያው ተጫወተች።

(ምስል፦ የመለያው ጀርባ)

የመረጠችው ቁጥር 22 ነው። ግሬግ ይለብሰው የነበረው።