«ከእኛ ቤት አይወጣም»

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከደሴ ነው የማወራችሁ። ሰሞኑን ስለ ሰላዮች ሳነብ ነው የከረምኩት። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እሺ?

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሮበርት ሃንሰን ነው። የኤፍቢአይ፣ ማለትም የአሜሪካ የአገር ውስጥ ምርመራ ቢሮ፣ ባልደረባ ሆኖ፣ ከ1979 ጀምሮ በመሀል እያቋረጠ ለሞስኮ ምስጢር ሲሸጥ ኖሮ በ2001 ተያዘ። እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ብራያን ኬሊ ነው። የሲአይኤ፣ የአሜሪካ የውጭ ስለላ ድርጅት፣ ሰው፤ ያውም ንጹሕ።

ምስጢር እየወጣ መሆኑ ሲታወቅ የኤፍቢአይ መርማሪዎች ዓይናቸውን የጣሉት ሲአይኤ ላይ ነበር። «ከእኛ ቤት አይወጣም» ነው ነገሩ። ኬሊ ቤት ገብተው ሲፈትሹ የሶምሶማ መሮጫው ካርታ ተገኘ፤ «የምስጢር መደበቂያ ካርታ ነው» አሉ። በውሸት መመርመሪያ ፈተኑት፣ አለፈ። «አያችሁ፣ የሠለጠነ ነው!» ተባለ። በሩን አንኳኩቶ «ተደርሶብሃል፣ አምልጥ» የሚለው ሰው ላኩበት። ሄዶ ለኤፍቢአይ ነገራቸው። እሱም አላዳነውም። እንግዲህ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ልጆቹ ሳይቀሩ «አባታችሁ ሰላይ ነው» ተባሉ።

የሃንሰን ሚስት ወንድም ግን ራሱ የኤፍቢአይ ሰው ነው፤ በ1990 እቤታቸው ብዙ ጥሬ ገንዘብ መታየቱን ለአለቃው ተናግሮ ነበር። ሰሚ አላገኘም። ጭራሽ ቀደም ብሎ ሰርጎ ገብ መኖሩን እንዲያጠና የታዘዘው ማን መሰላችሁ? ሃንሰን!

በመጨረሻ ኤፍቢአይ ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ኬጂቢ፣ የሶቪየት የስለላ ድርጅት፣ ስለ ሰላዩ የያዘውን ፋይል ገዛ። የሰላዩ የተቀዳ ድምፅ ነበረበት። የኬሊን ድምፅ ሊሰሙ ተቀመጡ፤ የሰሙት የራሳቸውን ሰው ሆነ።

እኛም ቅሬ (የወሎ እድር) ላይ «ሂሳቡ ይታይ» ሲባል ገንዘብ ያዡ «ጠረጠራችሁኝ?» ብሎ ይቆጣል። የሁሉም፣ የሰብሳቢውም ጭምር፣ በየጊዜው ቢታይ ማን ይቀየማል? ሃንሰን በ25 ዓመት አገልግሎቱ አንድም ቀን በውሸት መመርመሪያ አልተፈተነም። መሣሪያውን ብቻ ማመንም አያዋጣም፤ የሲአይኤው ኦልድሪች ኤምስ እየሰለለ ሁለቴ አልፎታል። እሱን ያጋለጠው ይልቅ በ540 ሺህ ዶላር ጥሬ ገንዘብ የገዛውን ቤት ዓይነት ወጪው ነው።

ወሬ ግን ሌላ ነገር ነው። በጦርነቱ ሰሞን እዚህ ወሎ «ሰላይ ነው» የተባለ ሰው ስሙን ለማጽዳት ማን ጋ ይሂድ? ኬሊን እንኳ ኤፍቢአይ ይቅርታ ጠይቆታል።